ወርቁ የነጣባት ክፍል

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወርቅ ገዢው ሙሌ በራሱ ሱቅ ውስጥ፣ በራሱ ሚዛን ፊት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ተዘርሮ ተገኘ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ ሻይ አለ። ሻዩን ያፈላችው የልጄ ልጅ ሶፊ ናት።

በሩን በትከሻው ገንጥሎ የገባው ጥበቃችን ዓብዱልላጢፍ ነው። ሙሌን ባጃጅ ላይ ደግፋ ሆስፒታል ያደረሰችው ደግሞ ራሷ ሶፊ ናት። ፖሊስ እዚያው ሆስፒታል በር ላይ ያዛት። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ዱቄቴን ጥዬ ሮጬ ስደርስ በፒካፕ ጭነዋት ሲሄዱ ጀርባዋን ብቻ አየሁ። ሹራብ እንኳ አልደረበችም።

ቤቱ የእኔ ነው። አሶሳ፣ ከገበያው ጀርባ፣ በአንድ ቆርቆሮና በአንድ ኮርኒስ ስር የተደረደሩ ሦስት የብሎኬት ክፍሎች። ዳር ያለው የሙሌ ሱቅ ነው፤ መሀሉን ወርቅ ሠሪው ካሣ ተከራይቶታል፤ በወዲያኛው ጫፍ እኔና ሶፊ እንኖራለን። ሶፊ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ፋርማሲ ትማራለች፤ ክፍል በሌላት ሰዓት በሙሌ ሱቅ ጀርባ፣ በረንዳው ላይ ሻይ ትሸጣለች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት የብቃት ምዘና ፈተናዋ ነው። እሱ ካመለጣት ዓመቱ አለፈ፤ የእኔ ዕድሜ ደግሞ «ለከርሞ ይደርሳል» የሚባልበት አይደለም።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ለዚህች ልጅ ያልፈራሁት ነገር የለም። የፈላ ውሃ እንዳያቃጥላት፣ ባጃጅ እንዳይገጫት፣ ምች እንዳይመታት። ሰኞ ወደ ማታ እንኳ ስታስል ሰምቼ፣ ከምትቀመጥበት ግድግዳ ግርጌ ግንበኛው የተዋትን ቀዳዳ በአሮጌ ጋቢ ጠቅጥቄ ደፍኜላታለሁ፤ በእግሯ ስር ሹልክ የሚለው ንፋስ አላማረኝም። ይኸው ከብርድ ስጠብቃት ፖሊስ ወሰዳት።

ወደ አሥር ሰዓት ኢንስፔክተሯ መጣች። ዐርዋ ትባላለች፣ የሆሞሻ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። በቆቧ ስር ሻሽ አስራለች። ስትናገር አትቸኩልም፤ ስትሰማ ግን ዓይኗን ከሰው አፍ አትነቅልም።

«እማማ ትሩፋት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ልጄን ምን አደረጋችኋት? በልታለች? ያ የምታስሩበት ክፍል ብርድ አለው?»

«ደህና ናት። የክፍሎቹ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው?»

«የሁሉም መለዋወጫ እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲያው ከእኔ አይራቁ። ይክፈቱ ስል ይክፈቱ፤ ያልተጠየቁትን አይናገሩ።»

የመጀመሪያውን ቻልኩት።

«የሻዩ ናሙና አዲስ አበባ ይላካል» አለችኝ። «ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ልጅቷ ሐሙስ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ሐሙስ እኮ ፈተናዋ ነው!»

 ሰዓቷን አየች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ካሣን ነው። ካሣ አፈ ቅቤ ሰው ነው፤ ሰላምታው ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

«እኔ ሰው መክሰስ አልወድም» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ሳይከስ አይጨርስም። «ግን ሰኞ ጠዋት ሙሌ ‹ይህን ምድጃሽን ከጀርባዬ አንሺልኝ› ሲላት፣ ‹ጉሮሮህን ይዝጋው!› ብላዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በማግስቱ ተዘጋ። ፋርማሲ የምትማር ልጅ ደግሞ ምን ከምን እንደሚቀላቀል ታውቃለች።»

«እርግማን ነው እንጂ መርዝ ነው?» አልኩ። «እኔስ ስንቴ ረግሜሃለሁ ካሣ፤ ይኸው ቆመህ ታወራለህ!»

«እማማ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወደ ካሣ ዞረች።

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው።

«ባምባሲ። አምስት ሰዓት ላይ ዘግቼ ወጣሁ፤ የተመለስኩት ዘጠኝ ተኩል ነው። የሚኒባሱን ረዳት ጠይቂው።»

አስጠየቀች። ረዳቱም ሹፌሩም አስታወሱት፤ ባምባሲ ድረስ ሲያስቃቸው ነው የሄደው። ቃሉ እውነት ነበር። ካሣ ይሆን እያልኩ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይህን ስናወራ አብሯት የመጣው ኮንስታብል ከሙሌ ሱቅ ውስጥ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር! ወርቁ ተሰርቋል!»

ሚዛኑ ሳህን ላይ ሦስት ፍንካች ወርቅ መኖር ነበረበት። ሦስት ፍንካች አለ፤ ግን እንደ ቆርቆሮ ነጭ ነው። አጠገቡ የሙሌ የጋብቻ ቀለበት ተቀምጧል፤ ሲመዝን ማውለቅ ልማዱ ነው። እሱም ነጭ ሆኗል።

«ወርቁን ወስደው እርሳስ ተክተውበታል» አለ ኮንስታብሉ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻውን አንድ ሰዓት የተቀመጠው ደግሞ ያ ጥበቃ ነው። ሽማግሌውና ልጅቷ ተመሳጥረዋል ማለት ነው።»

አንድ ክስ ሲበቃን ሁለት ሆነ።

ዓብዱልላጢፍ የበርታ ሰው ነው፤ ስድሳውን ተሻግሯል። አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የለመደው። ኢንስፔክተሯን «ያ ቢንቲ» አላት፤ በነሱ «ልጄ» ማለት ነው።

«ያ ቢንቲ፣ እኔ ወርቅ አልነካሁም። ሌላ ሰው ወርቅ እንዳይነካ ብዬ ተቀመጥኩ።» አላስጨርስ ያለ ሳል አጣደፈው።

«ሻይ ጠጥተዋል?»

«ስኳር አለብኝ። ሶፊ ለኔ ሻይ አይሰጥም፤ ‹ስኳር ይገድልሃል› ይላል። ሶፊ ጥሩ ልጅ ነው።»

«ሳሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እዚህ ከተቀመጥኩ። ራሴም አመመኝ። ካሣ መጣ፣ መስኮት ከፈተ፣ ትንሽ ተሻለኝ።»

«ካሣ ነው የከፈተው? ምን ብሎ?»

«ምንም አላለ። ሻርፑን አፍንጫ ላይ አደረገ፣ መስኮት ከፈተ። ከዚያ ‹ምን ተፈጠረ?› አለኝ።»

ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው ያን ጊዜ አልገባኝም።

«እማማ፣ ከዚያው ፔርሙዝ ሌላ ማን ጠጣ?»

«ማንጎ ሻጯ ዐፊፋ ከነልጇ። እኔም ወፍጮ ቤት ከመሄዴ በፊት።»

«የታመመ አለ?»

«ለጠላትሽ!»

«የጠጡት ደህና ናቸው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ያልጠጣው ግን ያስላል።» ከዚያ ጓንት አጥልቃ ቀለበቱን አነሳችና ወደ ብርሃኑ ይዛው ውስጡን ገልበጥ አድርጋ አየች። ለኮንስታብሉ አሳየችው። «እዚህ ምን ተቀርጿል?»

«ሜቲ» ብሎ አነበበ።

«የሚስቱ ስም ነው፤ ፊደሉ በጊዜ ብዛት ደብዝዟል። ሌባ ቀለበት ይሰርቃል፤ ስም ቀርጾ፣ አስረጅቶ መልሶ አያስቀምጥም። ይህ ያው ቀለበት ነው። አልተለወጠም። የሆነ ነገር ነክቶት ነው የነጣው።»

ሁሉንም አስወጣችን። ኮንስታብሉ ደጁ ላይ ቆመ፤ ዓብዱልላጢፍን ሐኪም እንዲያየው ላከችው።

ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። ለሙሌ አጥሚት ይዤለት ነበር። ሚስቱ ሜቲ በሩ ላይ ቆማ ሳህኑን አየችው።

«ከእናንተ ቤት የመጣ አይቀመስም» አለች።

ሳህኑን ከእግሯ ስር አስቀመጥኩላት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ሙሌ ኦክስጅን ተሰክቶለት ነበር፤ ግን ዓይኑ ይንከራተታል፤ ነፍሱ ተመልሳለች።

«ሻዩ ጣዕሙ ምን ይላል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ሻይ… ሻይ ይላል። ከሻዩ በፊትም አፌ ብረት ብረት ይለኝ ነበር። ደረቴ ተቃጠለ።»

«በሩን ለምን ቀረቀርከው?»

«ንፋስ ሚዛኑን ያወዛውዘዋል። ስመዝን ሁልጊዜ እዘጋለሁ። ሲሞቀኝ ግድግዳው አናት ላይ ያለችውን ፋን አበራለሁ፤ ሙቀቱን ወደ ውጭ ትስብልኛለች። ትናንት ግን ባበራኋት ቁጥር ባሰብኝ።»

ሐኪሙ በኮሪደሩ አብሮን ወጣ። «ሆዱ ምንም አልሆነም» አለ። «የተጎዳው ሳንባው ነው። ይህ ነገር በብርጭቆ አልገባም፤ በትንፋሽ ነው የገባው።»

«እንግዲህ ልጄን ፍቺልኝ!» አልኩ።

«ምን እንደገባና ከየት እንደገባ ሳላሳይ ብፈታት፣ ሐሜቱ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል» አለችኝ። «ሙሉ አድርጌ ላምጣልዎት።»

ከሰዓት በኋላ ሙሌ ሱቅ ተመለስን። መስኮቶቹ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነበሩ። ኢንስፔክተሯ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፈነች፣ ከፌስታል ቀጭን ገመድ መሳይ ቀደደችና ሽመል ጫፍ ላይ አሰረችው። ከዚያ በርና መስኮቱን ዘግታ ፋኑን አበራች። እኔና ኮንስታብሉ በመስታወቱ እናያለን።

ፌስታሉን ወደ ፋኑ አስጠጋችው፤ ወደ ውጭ ተሳበ። ይህ ያለ ነው። ከዚያ የአምፖሉ ገመድ ወደሚወርድበት የኮርኒስ ቀዳዳ ከፍ አደረገችው። ቀዳዳዋ ጡጫ ታስገባለች። ፌስታሉ ከላይ አንድ ሰው እንደሚነፋበት ሁሉ ወደ ታች ይርገበገብ ጀመር። ልክ ከቀዳዳዋ ስር ደግሞ ጠረጴዛው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሚዛኑ።

ፈጥና ወጣች፤ ማስኳን አወለቀች።

«የእናቴ ቤት ሆሞሻ የቀርከሃ ነው፣ እማማ። እሳቱ መሀል ቤት ይነድዳል፣ ዓይናችን ግን አያለቅስም፤ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ብሎኬት ግን አፍንጫ ካላወጡለት አይተነፍስም። ፋን ደግሞ አየር አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚያወጣው። ያወጣውን ያህል ከሌላ ቦታ መግባት አለበት፤ አየር ባዶ ቦታ አይተውም። ይህ ክፍል በሩም መስኮቱም ሲዘጋ ከኮርኒሱ ውስጥ ነው የሚስበው። የማይገባኝ፣ ይህን ቤት የሠራው ግንበኛ ደህና ሰው ይመስላል፤ እንዴት ከታች የንጹህ አየር መግቢያ ሳይተው ቀረ?»

ዓይኔ ወደ በረንዳው ሄደ።

ትቶ ነበር። ሁለት ብሎኬት ቀዳዳቸው አየር እንዲያሳልፍ በጎናቸው አጋድሞ፣ ከግድግዳው ግርጌ። «እማማ ይህቺን እንዳይነኩ» ብሎኝም ነበር።

ብናገር «አሮጊቷ ናት ያፈነችው» ይላሉ። ሁለታችንም ብንታሰር ለሶፊ ስንቅ ማን ያቀብላታል? ዝም ብል ደግሞ ማን ያውቃል? ጋቢውን አመሻሽ ላይ መንቀል እችል ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ሻርፔን እስካስተካክል ድረስ ነው። ከዚያ ልጄ ያለ ሹራብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ታየችኝ።

«ትቶ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ የደፈንኳት። ሰኞ። ልጅቷ ስታስል ብርድ ነው ብዬ።»

ኮንስታብሉ አፉን ከፈተ። ኢንስፔክተሯ ግን ክንዴን ያዘችኝ። «ያሳዩኝ።»

በረንዳው ላይ ተንበርክኬ ጋቢውን ሳብኩት፤ እንደ አንጀት ተጎትቶ አላልቅ አለ። ኢንስፔክተሯ እንደገና ገብታ ዘጋች፣ ፋኑን አበራች። ፌስታሉን ወደ ኮርኒሱ ቀዳዳ ከፍ ስታደርገው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ወደ ግድግዳው ግርጌ ዝቅ ስታደርገው ግን ከእኔ በኩል ወደ ውስጥ የሚገባው ንፋስ አስፈነደቀው። እኔም በጣቴ ተሰማኝ። ያ የጠላሁት ብርድ ሙሌን በሕይወት ያኖረው አየር ኖሯል።

«ከየት እንደገባ አወቅን» አለች። «አሁን ምን እንደገባ።»

መሰላል አስመጣች፤ ጓንት አጠለቀች፤ የኮርኒሱን መውጫ ከፍታ በባትሪ ተመለከተች። ብዙ ቆየች። ስትወርድ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛለች። እንደ ዶቃ ያብረቀርቃል፤ ሲያዘነብሉት ይሮጣል፣ ይገናኛል፣ አንድ ይሆናል።

«ባዜቃ» አለ ኮንስታብሉ።

«ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት። ቀዳዳዋ ዙሪያ ተንጠባጥቧል። ከካሣ ክፍል ኮርኒሱን በስቶ የወጣ የጭስ ቧንቧ አለ፤ ቆርቆሮውን ግን አልበሳም፤ አፉ እዚያው ኮርኒስ ውስጥ ነው።»

«ቆርቆሮዬን አትበሳም ብዬው ነበር!» አልኩ። «ዝናብ ያስገባብኛል ብዬ። እሱም ‹ምን በወጣኝ እማማ፣ እሳት አላነድም፣ ብር ብቻ ነው የምበይደው› አለኝ።»

የመበርበሪያ ፈቃዱን ከፍርድ ቤት ያመጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። የካሣን ክፍል በእኔ ቁልፍ ከፈትን። የከሰል ምድጃ፣ ከላዩ የቆርቆሮ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ቧንቧ፤ ከአልጋው ስር ደግሞ አንድ ብልቃጥ ባዜቃ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ማንጎው ስር ሰበሰበችን። ካሣ በሁለት ፖሊስ መሀል ቆሟል። ሜቲ ከሆስፒታል መጥታለች። ዓብዱልላጢፍ ጥላው ስር ተቀምጧል፤ ሳሉ ቀንሶለታል። የሰፈሩ ሰው አጥሩ ላይ ተደርድሯል።

«ንፋሱ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሁላችሁም ከኋላዬ ሁኑ» አለችና እጀታው ረጅም በሆነ ጉጠት የሙሌን ቀለበት ያዘች። «አባቴ ወንዝ ዳር ወርቅ አጣቢ ነበር። ባዜቃ ወርቅ ሲያይ ይጣበቅበታል፤ ያነጣዋል። እሳት ላይ ሲያደርጉት ባዜቃው ተኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል።»

ቀለበቱን ገላጣው ላይ ከቀላ ከሰል አገናኘችው። ትንሽ ቆይቶ ነጩ እንደ ላቦት ከላዩ ተገፈፈ፤ ከስሩ ብጫው ብቅ አለ። ዐፊፋ እልልታዋን ለቀቀችው። አጥሩ በሙሉ ተከተላት።

«እኔ ባምባሲ ነበርኩ!» ብሎ ጮኸ ካሣ። «ሹፌሩ ይመስክር!»

«መስክሯል፤ እኔም አምኛለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ባዜቃ ያለበትን ወርቅ ጥደህ፣ አንተ እንዳትተነፍሰው በሩን ቆልፈህ ባምባሲ ሄድክ። አለመኖርህ ነው የሚመሰክርብህ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መርዙ ሻይ ውስጥ ነው ያልከው አንተ ነህ። ታዲያ ገና ምን ተፈጠረ ሳትል ለምን አፍንጫህን ሸፍነህ መስኮት ከፈትክ? ሻይ በመስኮት ይወጣል?»

አጥሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። ያ አፈ ቅቤ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

«ሁልጊዜ… ወደ ላይ ወጥቶ በቆርቆሮው ስር ይሄድ ነበር» አለ። «ማንም ታሞ አያውቅም። እኔ እኮ—»

«ጻፈው» አለች ለኮንስታብሉ። «የተከለከለ ነገር አቃጥሏል፣ ሰው አቁስሏል፣ ምን እንደሆነ እያወቀ ለሐኪሙ በመንገር ፈንታ ልጅ ወንጅሏል።»

ካሣን ሲወስዱት ቀስ ብዬ ተጠጋኋት። «እኔንስ?»

«እርስዎን?» ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ጋቢውን በማስረጃነት ይዤዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ነገ ግንበኛ ይጠራሉ፤ በየክፍሉ ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ።»

«ቆርቆሮውስ? ዝናቡስ?»

«እማማ።»

«እሺ ልጄ። እሺ።»

ሶፊ ጀምበር ሳትጠልቅ ተፈታች። ጣቢያው በር ላይ አቀፍኳት፤ ግንባሯን ዳሰስኩ፣ እጇን ዳሰስኩ፣ ትኩሳት የለም።

«እማዬ፣ አሮጌው ጋቢሽ የት ሄዶ ነው? እሱን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ ብዬ ነበር።»

«ታስሯል» አልኳት።

ቤት ስንደርስ ሜቲ በራችን ላይ ቆማለች። ቀለበቱን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። በእጇ የያዘችው የኔው የአጥሚት ሳህን ነው፤ ታጥቧል፤ ሞልታ ነው ያመጣችው። «ለተፈታኟ» አለች። ሶፊ እዚያው ቆማ በላችላት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ባጃጅ ተሳፈርን። ሌሊት ዘንቦ አየሩ ቀዝቅዟል። ሶፊ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ባጃጁ ሲነሳ ንፋሱ በጎን ገባ፤ የሻሿን ጫፍ አነሳው። እጄ ሳላዘው ወደ ባጃጁ የላስቲክ መጋረጃ ሄደ። ያዝኩት። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ልዝጋልዎት እማማ?»

ሶፊ ቀና ብላ ተመለከተችኝ።

ላስቲኩን ከታች ወደ ላይ ጠቀለልኩት፤ በገመዱ አጥብቄ አሰርኩት።

«ተወው» አልኩ። «ይግባ።»